«ጡረታ የወጣ ሌንስ አትግዙ» ላሉት ጸሐፊ፦ ስለ ካኖን 400 ኤፍ 5.6 የምላሽ ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ «አንተን ነው የነካኩህ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ርእሱ «ጡረታ የወጣ ሌንስ አትግዙ» ይላል። የሚያብጠለጥለው ካኖን እ.ኤ.አ. በ1993፣ በእኛ 1985 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ያወጣውን 400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6 ኤል ሌንስ ነው። 400ው ሌንሱ ሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርብ ይናገራል፤ የኤፍ ቁጥሩ ደግሞ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል። ወዳጄ ያለው ልክ ነው፤ ይህን ሌንስ ስድስት ዓመት በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ። በሥራዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወፍ የማነሳው ቅዳሜና እሁድ፣ ለራሴ ደስታ ነው። ስለዚህ ለሌንሱ ማድላቴን ከወዲሁ ልናገርና ወደ ነገሩ ልግባ።

ጽሑፉን ላላነበበ ባጭሩ ልናገር። ጸሐፊው ሌንሱን ከጓደኛቸው ለሁለት ቀን ተውሰው ሐዋሳ ወርደው ነበር። ሲመለሱ የጻፉት ይህን ነው፦ ሌንሱ ከ30 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አሮጌ ነው፤ ስታቢላይዘር የሚባለው የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ስለሌለው በእጅ ተይዞ አይነሳበትም፤ ኤፍ 5.6 ጨለማ ነው፤ ለዛሬ ባለብዙ ሜጋፒክስል ካሜራ አይመጥንም፤ ፎከሱ ወዲያ ወዲህ ይባዝናል፤ ያገለገለ መግዛት ቁማር ነው፤ ቢበላሽም ጠጋኝ የለውም። ምክራቸው ደግሞ ርካሹን 75-300 ዙም ገዝቶ ርዝመቱን ሁለት እጥፍ የሚያደርግ ቴሌኮንቨርተር የተባለ ተቀጥላ መጨመር ነው፤ ለዚህም አቅም ያጣ ስልክ ይበቃዋል ይላሉ።

ከዕድሜው ልጀምር፣ ይህኛው ቶሎ ያልቃል። 1993 ሌንሱ ተነድፎ ለገበያ የወጣበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ሲመረትና ሲሸጥ ኖሯል። ስለዚህ «የ1993 ሌንስ» ተብሎ የሚሸጥላችሁ ዕቃ ከፋብሪካ የወጣው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ማወቂያም አለው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን የካኖን ሌንሶች ከኋላ በኩል፣ ካሜራው ላይ በሚገጥመው ቀለበት ውስጥ፣ በሁለት የላቲን ፊደላት የሚጀምር ትንሽ ምልክት ታትሞባቸዋል። የመጀመሪያዋ ፊደል ፋብሪካውን ትናገራለች፤ «ዩ» ከሆነች ኡትሱኖሚያ ማለት ነው። ሁለተኛዋ ዓመቱን ትናገራለች፤ «ኤች» 1993፣ «ቲ» 2005፣ እያለ ይሄዳል። የእኔው «ዩቲ» ነው። ጸሐፊው የተዋሱትን ሌንስ ገልብጠው ቢያዩ ኖሮ ዕድሜውን በግምት አይጽፉም ነበር።

ስታቢላይዘር ላይ ግን መቆየት አለብን፤ የጽሑፋቸው ዋና ምሰሶ እርሱ ነው።

እውነት ነው፣ ይህ ሌንስ ስታቢላይዘር የለውም። ሊኖረውም አይችልም ነበር። ካኖን ለሚነቀል ሌንስ መጀመሪያ ስታቢላይዘር የገጠመው በ1995፣ ጸሐፊው ከመከሩት ርካሹ በተለየ በሌላ 75-300 ዙም ላይ ነው፤ ይህኛው ሁለት ዓመት ቀድሞት ተወልዷል። ይሁንና ጸሐፊው «ስታቢላይዘር ስለሌለው የሚበር ጭልፊት ደብዝዞ ወጣብኝ» ሲሉ አህያውን ፈርተው ዳውላውን ሆነ ነገሩ። ስታቢላይዘር የሚያረጋጋው የእጃችሁን መንቀጥቀጥ ነው። ጭልፊቱ ክንፉን ማርገብገቡን እንዲተው የሚያደርግ ስታቢላይዘር ገና አልተሠራም። የሚበር ወፍ ፎቶ ላይ የሚቆመው በሹተር፣ በካሜራው የብርሃን መዝጊያ፣ ፍጥነት ነው፤ ለጭልፊት ቢያንስ 1/1600፣ ቢቻል 1/2000 ሰከንድ ያስፈልጋል። የቆየው ደንብ ደግሞ በእጅ ለማንሳት ሹተሩ ከሌንሱ ርዝመት አይነስ ይላል። ለ400 ሚሊ ሜትር 1/400፣ ሴንሰሩ፣ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ ትንሽ በሆነ ካሜራ ላይ ደግሞ በ1.6 አባዙትና 1/640። ወፉን የምታስቆሙበት 1/2000 የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ አብሮ ይጨርሰዋል። በዚህ ፍጥነት ላይ ስታቢላይዘሩ ቢኖርም ባይኖርም ፎቶው ላይ ለውጥ አታዩም።

ጸሐፊው ከፎቶዎቻቸው ሥር የሹተሩን ፍጥነት ጽፈዋል፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ጭልፊቱን ያነሱት በ1/320 ነው። በ1/320 እንኳን ጭልፊት፣ የሚሮጥ ዶሮም አይጠራም።

የሚረቱኝ ቦታም አለ፤ እርሳቸው ስላልጠቀሱት እኔ ልጥቀስላቸው። አንድ ጊዜ ደብረ ሊባኖስ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ 12 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የጭላዳ መንጋ ወደ ማደሪያው ሲወርድ አገኘሁ። አንዱ ትልቅ ወንድ ጋማው በነፋስ እየተበተነ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሸለቆውን ያያል፤ ምንም አይንቀሳቀስም። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታለች። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት መጠን፣ እስከ ገደቡ ድረስ ወስጄም ሹተሩ ከ1/125 አላልፍ አለኝ። ሠላሳ ያህል ጊዜ አነሳሁት፤ ቤት ገብቼ ስመለከት የጠሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ስታቢላይዘር ያለው ሌንስ ቢሆን ሠላሳውም ባይሆን ሃያው ይጠሩ ነበር። ዝም ብሎ የተቀመጠ እንስሳ፣ ደካማ ብርሃን፣ እጅ ላይ ያለ ሌንስ፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ይህ ሌንስ ይሸነፋል። የምታነሱት በአብዛኛው እንዲህ ያለ ከሆነ አትግዙት።

ለዚህም ቢሆን መላ አይጠፋም። ከአቡጀዲ የሰፋሁት ከረጢት አለኝ፤ ሁለት ኪሎ ሽንብራ ሞልቼ የመኪና መስኮት ላይ አደርገውና ሌንሱን አስተኛበታለሁ። በእግር ስሄድ ባዶውን ከረጢት ይዤ ሽንብራውን እደረስኩበት እገዛለሁ፤ ሲመሽ ለእንግዳ ማረፊያው ሠራተኞች እተወዋለሁ፣ ቆልተው ይበሉታል። ካሜራችሁ እንደ ካኖን አር 6 ወይም አር 7 በገላው ውስጥ ማረጋጊያ ያለው ከሆነ ደግሞ፣ በረጅም ሌንስ ላይ ጉልበቱ ቢቀንስም፣ ከምንም ይሻላል።

ወደ «ጨለማ ነው» እንሂድ። እኔ ሒሳብ እወዳለሁ፣ ታገሡኝ። ከፊልም ዘመን የመጣ አንድ ደንብ አለ፦ በጠራ ፀሐይ አፐርቸሩን፣ የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ፣ ኤፍ 16 ላይ አድርግ፣ ሹተሩ በአይኤስኦው ቁጥር ልክ ይሁን። አይኤስኦ 400 ከሆነ 1/400 ማለት ነው። ከ16 ወደ 5.6 ሦስት ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል፣ ሦስቴ እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 400፣ ይህ «ጨለማ» ሌንስ 1/3200 ይሰጣችኋል። ደመናማ ቀን 1/800። የክረምቱ ከባድ ደመና 1/400፤ አይኤስኦውን ወደ 1600 ስታወጡት እንደገና 1/1600። አይኤስኦ 1600 ከባለፉት አሥር ዓመት ካሜራዎች ውስጥ የትኛውን ያስጨንቃል? ጸሐፊው ካሜራቸው አይኤስኦ 200 ላይ ተቸንክሮ እንደቆየ ፎቶዎቹ ሥር ያለው ቁጥር ይመሰክራል። ከአይኤስኦ 800 በላይ መውጣት ፎቶ ያበላሻል የሚል ፍርሃት ብዙዎቻችን ላይ ከድሮ ካሜራ የቀረ ነው፤ እኔም ላይ ነበር።

በዚያ ላይ «ጨለማ» የሚለው ቃል ንጽጽር ይፈልጋል፤ ከምን አንጻር? 400ን ለ5.6 ብታካፍሉት 71 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ያን ያህል ሰፊ ነው። አዲሱ የካኖን አርኤፍ 100-400 ጫፉ ላይ ኤፍ 8 ነው፤ ቀዳዳው 50 ሚሊ ሜትር፣ የሚያስገባው ብርሃን የዚህኛው ግማሽ። የስልክ ካሜራ ቀዳዳማ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናት። «ስልክ ይበቃል» ለሚለው ሌላ ምላሽ አልጨምርም። ለልደትና ለጥምቀት ይበቃል፤ እኔም ስልኬ አለኝ። ሐይቅ ማዶ ላለ ዓሣ አዳኝ ንስር ግን የሚያሳያችሁ ነገር ንስሩን ሳይሆን የንስሩን ግምት ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት መጣን፦ «አሮጌ ሌንስ አዲሱን ሴንሰር አይሸከምም።» ጸሐፊው ለዚህ ያቀረቡት ማስረጃ አንድ ወፍ በ18 ሜጋፒክስልና በ32.5 ሜጋፒክስል ካሜራ አንስተው፣ ሁለቱንም ኮምፒውተር ላይ መቶ በመቶ አጉልተው ማስቀመጥ ነው። የሁለተኛው ደብዛዛ መስሎ ይታያል። ይመስላል እንጂ አይደለም።

ምን እንደተፈጠረ ልንገራችሁ። የሁለቱም ካሜራ ሴንሰር ስፋቱ 22.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንዱ ላይ 5184 ነጥቦች ተደርድረዋል፣ በሌላው 6960። በዚህ ሌንስ 20 ሜትር ላይ ስትቆሙ ክፈፉ የሚይዘው 1 ሜትር ከ11 ሳንቲም ስፋት ነው። 30 ሳንቲም ርዝመት ያላት ወፍ በመጀመሪያው ካሜራ 1400 ገደማ ነጥብ ላይ ታርፋለች፣ በሁለተኛው 1870 ላይ። መቶ በመቶ ስታጎሉ እያንዳንዱ ነጥብ የስክሪኑን አንድ ነጥብ ስለሚይዝ ሁለተኛዋ ወፍ በሲሶ ተልቃ ትታያለች። ትልቅ የተደረገ ነገር ሁሉ ግድፈቱ አብሮ ይተልቃል። ባለ 6960 ነጥቡን ፎቶ በተራ 24 ኢንች ስክሪን ላይ መቶ በመቶ ማየት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ህትመት አሳትሞ አፍንጫን ግድግዳው ላይ ተክሎ እንደማየት ነው። ሁለቱን ወፎች እኩል መጠን አድርጋችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የባለ 32.5ቱ ላባ ይበልጥ ይለያል። ሌንስ ከተሻለ ሴንሰር ጋር ሲገጥም የሚሰጠው ዝርዝር ይጨምራል፤ ሴንሰሩ ስለተሻለ ወደ ኋላ የሚሄድበት ምክንያት የለም።

መስታወቱንም አቅልለው አይተውታል። በውስጡ ያለው በ6 ክፍል የተደረደረ 7 መስታወት ብቻ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ሱፐር ዩዲ፣ አንዱ ዩዲ የሚባል፣ ቀለማትን በእኩል ቦታ ለማሳረፍ የተሠራ ልዩ መስታወት ነው። የሚዘም፣ ማለት ለማቅረብና ለማራቅ የሚንሸራተት፣ ነገር የለም፣ የሚንቀጠቀጥ የስታቢላይዘር መስታወት የለም። አፐርቸሩን ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ፣ እዚያው 5.6 ላይ፣ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። ርካሹን 75-300 ግን 300 ጫፍ ላይ ከፍታችሁ አንሱበትና ጥቁር ቅርንጫፍ ዙሪያ የሚወጣውን ሐምራዊ ጥለት እዩት።

እስቲ ደግሞ ጸሐፊው «ማስረጃ» ብለው ያቀረቧቸውን የሐይቅ ፎቶዎች እንያቸው። ከሐዋሳ ዳርቻ፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ፣ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀው ያሉ ወፎች። እነዚህ ፎቶዎች በእርግጥ ደብዛዛ ናቸው። ይህን ያመጣው ግን አየሩ ነው። በዚያ ሰዓት ከሞቀው ዳርቻና ከውሃው ላይ የሚነሣው አየር ልክ ምጣድ ላይ እንደሚታየው ይርገበገባል፤ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያን መርገብገብ አቅርቦ ያነሳዋል። ባለ ብዙ ሺህ ዶላሩን ሌንስ ይዛችሁ ብትሄዱም ያው ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው። በነጋታው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት እዚያው ቦታ ቆመው ቢያነሱ ኖሮ ጽሑፋቸውን ላይጽፉት ይችሉ ነበር። ከሌንሱ ፊት የታሰረው ርካሽ ፊልተርም አንዱ ፎቶ ላይ ይታየኛል። በረጅም ሌንስ ላይ መጥፎ ፊልተር ማሰር ጥሩ መነጽር ላይ ፌስታል መለጠፍ ነው፤ አውልቁት። ሌንሱ ተስቦ የሚወጣ የራሱ ኮፍያ አለው፣ እርሱ ይበቃዋል።

«ፎከሱ ይባዝናል» ስላሉት፦ በሌንሱ ጎን ላይ ትንሽ ማብሪያ የመሰለች ቁልፍ አለች። አንዱ ወገን ከ3.5 ሜትር እስከ ማለቂያ የሌለው፣ ሌላው ከ8.5 ሜትር ወዲያ ይላል። ለሚበር ወፍ ሁለተኛው ላይ ታደርጋላችሁ፤ ሌንሱ ቅርብ ያለውን ሁሉ መፈተሹን ይተውና ወዲያው ይይዛል። ጸሐፊው ባያያዙት የሌንሱ ፎቶ ላይ ቁልፏ 3.5 ላይ ናት። ሌላም ነገር አለ፤ ዓይን በሚጠጋበት የማያ ቀዳዳ አይተው ሳይሆን ከኋላ ባለው ስክሪን እያዩ ነው ያነሱት፣ ያውም በአሮጌ ዲኤስኤልአር፣ በውስጡ የሚገለበጥ መስተዋት ባለው ካሜራ። በእነዚያ ካሜራዎች በስክሪን የሚያዝ ፎከስ ከማንኛውም ሌንስ ጋር ይባዝናል። የዚህ ሌንስ ሞተር ክብ ዩኤስኤም የሚባለው ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ፈጣን ነው። ወፍ አንሺዎች ለብዙ ዓመት የሙጥኝ ያሉት በዚህና በ1250 ግራም ክብደቱ ነው፤ የሚበር ወፍ እየተከተሉ እጃቸው ሳይዝል ግማሽ ቀን ይይዙታል።

ያ መስተዋት ከሌላቸው ከአዲሶቹ የሚረርለስ ካሜራዎች ጋር አይሄድም ያሉትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ላልፈው። ካኖን ይህ ሌንስ ያለውን የኢኤፍ መግጠሚያ በ1987 ሲጀምር ከሌንሱ ጋር የሚነጋገረው በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሆን አድርጎ ነው፤ ስለዚህ ይህ ሌንስ አዳፕተር በሚባል ማገናኛ ከአዲሶቹ የአር ካሜራዎች ጋር ሲገጥም ፎከሱም አፐርቸሩም ይሠራል። አዳፕተሩ ውስጥ ምንም መስታወት የለም፣ ባዶ ቱቦ ነው፣ ጥራት የሚቀንስበት ነገር አልገባበትም።

አሁን ስለ ምክራቸው፦ 75-300 ላይ ሁለት እጥፍ ቴሌኮንቨርተር። ይህን ምክር የተቀበለ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ሁለት እጥፉ ኮንቨርተር ሁለት ደረጃ ብርሃን ይበላል፤ 5.6 የነበረው 11 ይሆናል። ብዙዎቹ የአማተር ዲኤስኤልአሮች ደግሞ ቁጥሩ ከ5.6 ሲያልፍ በራሳቸው ፎከስ መያዝ አይችሉም። በእጃችሁ ፎከስ እያደረጋችሁ፣ በጨለመ ቀዳዳ እያያችሁ፣ የሚበር ወፍ ልትከተሉ ነው። በራሱ የደከመውን መስታወትም ሁለት እጥፍ አጉልታችሁ። ለነገሩ በ400ውም ላይ ቢሆን 1.4 ኮንቨርተር መጨመርን በዲኤስኤልአር አልመክርም፤ ኤፍ 8 ስለሚሆን ብዙው ካሜራ ፎከስ ይከለክላችኋል። በሚረርለስ ላይ ይሠራል።

ይልቅ ጸሐፊው ሊሉት ሲገባ ያላሉት አንድ ምክር አለ። ገና ለጀመረ፣ ኪሱ ለሳሳ ሰው፣ የ2013ቱ 55-250 ኤስቲኤም ዙም አለ። 375 ግራም ብቻ ነው፣ ስታቢላይዘር አለው፣ ከ85 ሳንቲም ጀምሮ ፎከስ ይይዛል፣ ለዋጋው የሚገርም ጥራት አለው። ከ400ው በፊት እርሱን ግዙ ብዬ ስንቱን ልኬአለሁ። ወፍ ማንሳት ይለምድባችኋል ወይስ ሁለት ወር ተጫውታችሁ ትተዉታላችሁ የሚለውን እርሱ ይነግራችኋል። አር ካሜራ ያለው፣ አዲስ ዕቃ ከነዋስትናው የሚፈልግ ደግሞ ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን አርኤፍ 100-400 ይይ፤ 635 ግራም ነው፣ የዚህኛው ግማሽ። ኤፍ 8 መሆኑን ከታገሠው ጥሩ ተቀናቃኝ ነው። በዲኤስኤልአር ላይ ግን አይገጥምም።

ሐዋሳ ዓሣ ገበያው ባለበት በአሞራ ገደል ስላጋጠማቸው ችግር ያወሩት ደግሞ አሳቀኝ፣ እኔም ላይ ደርሷልና። ዓሣ ገበያው ዘንድ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ ሆድቃ እየጠበቁ በሰው መሐል ይንጎማለላሉ፤ ሦስት አራት ሜትር ላይ ይቆሙላችኋል። በዚህ ሌንስ 3.5 ሜትር ላይ ክፈፉ የሚይዘው 18 ሳንቲም ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ምንቃሩን እንኳ ሙሉውን አያገባላችሁም። 1 ሜትር ተኩል የሚቆመውን አባ ኮዳ ከራስ እስከ እግር ለማግባት ካሜራውን አቁማችሁም ቢሆን 27 ሜትር ማፈግፈግ አለባችሁ፤ 27 ሜትር ስታፈገፍጉ ደግሞ በመሐል አሥር ዓሣ ሻጭና ሃያ ሕፃን ይገባል። ጸሐፊው «አይዘምም፣ ከንቱ ነው» ብለዋል። እውነትም እዚያ ቦታ ከንቱ ነው። እኔ አሞራ ገደል ስሄድ 400ውን ይዤ ጀልባዎቹ ወደሚመጡበት ወደ ውሃው እዞራለሁ፤ ለአባ ኮዳዎቹ 50 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በተከዜ ስም የተሰየመችውን፣ አበባ እየዞረች የምትመጠውን ትንሽ ወፍ ግን በዚያው በ3.5 ሜትር አንሱልኝ፤ ክፈፉን ሞልታ ደረቷ ሐምራዊ ሲያንጸባርቅ ታያላችሁ።

የቀረው «ቁማር ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔም ተመንጥሬአለሁና። ከዚህኛው በፊት ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ዙም ገዝቼ ነበር። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» አለኝ፣ ከውጭ ሲታይ እንደ አዲስ ነበር። ቤት ገብቼ የስልኬን መብራት ከኋላ ሳበራበት መካከለኛው መስታወት ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ተዘርግቷል። ሱቁ «ከእኛ ሲወጣ አልነበረም» አለ። ሻጋታ በአንድ ሌሊት እንደማይበቅል ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ተመላለስሁ፣ ገንዘቤንም አላገኘሁም። መስታወቱን ከበላው በኋላ ቢጸዳም ጠባሳው ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ መብራቴን ሳላበራ አልከፍልም። 400ውን የገዛሁ ዕለት ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ሻጩ ትዕግሥቱ አለቀ እንጂ እኔ አልቸኮልሁም። መጀመሪያ መብራት፣ ከፊትም ከኋላም፣ በአግድም። አቧራ አያስጨንቅም፤ ድር መሰል ነገርና እንደ እስትንፋስ የተጋገረ ጉም ግን አይሆንም። ቀጥሎ ኮፍያውን ሳብ አድርጌ ጠመዘዝሁት፤ ቆልፎ ካልቆመና ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ሌንሱ ወድቆ ያውቅ ይሆናል። ካሜራዬ ላይ ገጥሜ ፎከሱን ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ሃያ ጊዜ አስኬድሁት፣ ጆሮዬን አስጠግቼ። ሲጥ ሲጥ ካለ ሞተሩ እየደከመ ነው። አፐርቸሩን 8 ላይ አድርጌ ሌንሱን በሁሉም አቅጣጫ ጎን ለጎን እያዘነበልሁ ጥቂት ፎቶ አነሳሁ፤ ስክሪኑ ላይ «ስህተት 01» የሚል ቢመጣ ሌንሱና ካሜራው መነጋገር አቅቷቸዋል ማለት ነው፣ ዕቃውን መልሶ መሄድ ነው። በመጨረሻ መንገድ ማዶ ያለ የታርጋ ቁጥር ካሜራውን መስኮት ላይ አስደግፌ በ5.6 አነሳሁና ክፈፉን ግራውንም ቀኙንም አየሁ። አንዱ ጎን ጠርቶ ሌላው ከደበዘዘ መስታወቱ ተዛንፏል። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ጠጋኝ አይገኝም ያሉትም ከፊሉ እውነት ነው፤ ካኖን ለተቋረጡ ሌንሶች መለዋወጫ ለዘለዓለም አያቀርብም። ግን ምን ይሰበርበታል? ስታቢላይዘር የለውም፣ ስለዚህ ስታቢላይዘሩ አይበላሽም። የሚዘም ቱቦ የለውም፣ ስለዚህ የሚላላ ቱቦ የለም። የሚቀረው የፎከሱ ሞተር፣ የአፐርቸሩ ስለትና የውስጡ ገመድ ነው። ጸሐፊው ጉድለት ብለው የቆጠሩበት ባዶነት ዕድሜውን ያስረዘመለት ይመስለኛል። ሳትጠቀሙበት ስታስቀምጡት ደግሞ ከጨለማ ቁምሳጥን አውጡት፤ ሻጋታ የሚወደው እርጥበትና ጨለማ ነው። እኔ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከሰበሰብኳቸው የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጋር አስቀምጠዋለሁ።

ለጸሐፊው አንድ ግብዣ አለኝ። ጽሑፋቸው የመጣው ከሁለት ቀን ልምድ ነው፣ ያውም በተዋሱት ዕቃ። ሐዋሳ ድጋሚ ከወረዱ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ዳር እንገናኝ፤ ሌንሴን እሰጣቸዋለሁ፣ ቁልፏን 8.5 ላይ፣ ሹተሩን 1/2000 ላይ አድርገን ጭልፊቶቹ የዓሣ ሆድቃ ሲመነትፉ አብረን እንጠብቃለን። ክረምት ከሆነ ግን ፌስታል ይዘው ይምጡ። ሌንሱ ዝናብ የሚከላከል ጎማ የለውም፣ ይህንንም በጽሑፋቸው ረስተውታል።